የበሽተኛው ገመና ለቴሌግራም ገበያ?

ሐኪም ፊት ልብስ ይወለቃል። ለሚስት፣ ለባል፣ ለንስሐ አባት እንኳ ያልተነገረ ነገር ይነገራል። የተባለው ከዚያች ክፍል አይወጣም በሚል እምነት ነው። ዘንድሮ ግን ክፍሏ በር ያላት አትመስልም።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ሐኪሞች በስልክ መመካከራቸውን አንቃወምም፤ ኧረ እንዲያውም እሰየው! በወረዳ ሆስፒታል ሌሊት ብቻውን ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም፣ ግራ ያጋባውን ራጅ ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ላለ ስፔሻሊስት ባይልክ ምን ያድርግ? ስፔሻሊስቱን አጠገቡ ያላስቀመጠለት እኮ መንግሥት ነው።

ጥያቄያችን ወዲህ ነው። ራጁ ጥግ ላይ ያለው ስም ለምን አብሮ ይሄዳል? የካርድ ቁጥሩስ? ቁስሉ እግር ላይ ሆኖ ሳለ ፊቷ ፎቶው ውስጥ ምን ይሠራል? ስም መሰረዝም ብቻውን አይበቃም። «የዚህ ቀበሌ መምህርት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ቫይረሱ በደሟ ያለ» ተብሎ ከተጻፈ፣ በትንሽ ከተማ ስሟን ከመጥራት በምን ይለያል? አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል። ከዚህ ሁሉ መሐል ሐኪሙ የትኛው ነው? የበሽተኛዋ ጎረቤትስ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሞልቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ለጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ሰጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ፎቶዋ ስንት ስልክ ውስጥ እንደገባ የማታውቅ ሴት ማንን ብላ ትክሰስ?

ሆስፒታሎች «መላክ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፈው እጃቸውን ቢታጠቡ አንቀበልም። ያኔ ወጣቱ ሐኪም ተደብቆ ይልካል፤ በቃ። ጤና ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ በስሙ ተመዝግቦ የሚገባበት ዝግ የመመካከሪያ መንገድ ያዘጋጅ። ሐኪሙም ከመላኩ በፊት በሽተኛዋን በሚገባት ቋንቋ ያስፈቅድ፣ ፊትና ስሟን ይሸፍን፣ ለሚያማክረው ሰው እንጂ ለመንጋው አይላክ። ፎቶው አፈትልኮ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚነግራት ሆስፒታሉ ይሁን፤ ቡና ስትጠጣ ከጎረቤት አትስማው።