ለሞት ጥሩምባ አለ፤ ለጠፋ ልጅስ?

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሰው ሲሞት ወሬው የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የተጠረገ ነው። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ለእድሩ ዳኛ ያሳውቃል፣ ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን ይልካል፣ ጥሩምባ ነፊውም በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ማንነትና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል፤ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው፣ አስከሬኑን የሚያጅበው ማን እንደ ሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ ስለ ተወሰነ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም፣ የቀረ አባልም ይቀጣል። እድር፣ ማለትም ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ይህን ሁሉ ያደራጀው የመንግሥትን መመሪያ ሳይጠብቅ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ከደጃፍ ሲጠፋ ግን በዚያው ሰፈር፣ በእነዚያው ጎረቤቶች መካከል፣ እንዲህ ያለ የታወቀ ሥርዓት የለም፤ እናት ወደ አንዱ አስፋልት አባት ወደ ሌላው ይሮጣሉ፣ አንዱ ጎረቤት «አፋልጉኝ» የሚል ወረቀት ሊያባዛ ይሄዳል፣ ሌላው ፎቶግራፉን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ የቀሩት ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አሁኑኑ ይኬድ ወይስ እስኪመሽ ይጠበቅ እያሉ ይከራከራሉ። ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ሞልቶ ሳለ ማን ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የተወሰነ ነገር የለም።

የዚህ ክርክር ዋጋ የሚከፈለው በሰዓት ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ተጠልፈው የተገደሉ ልጆችን ጉዳይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት፣ ከእነዚህ ልጆች 76 በመቶ ያህሉ የተገደሉት በተወሰዱ በ3 ሰዓት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ የሚናገረው ከጠፉት ልጆች እጅግ ጥቂት ስለ ሆኑትና ፍጻሜያቸው ስለ ከፋው ነው፣ የተሰበሰበውም በሌላ አገር ነው። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ልጁ መንገድ ስቶ ይሁን ተወስዶ በመጀመሪያው ሰዓት ሊያውቅ ስለማይችል፣ «24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» የሚለው በሰፊው የሚነገር እምነት እጅግ ጎጂ ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የወንጀሉን አፈጻጸም በዓይኑ ባያይ እንኳ ለማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለሕፃን መጥፋት የሚቆጠር የመጠበቂያ ሰዓት በዚህ ሕግ ውስጥ አልተጻፈም። እምነቱ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከውጭ ፊልም የተወረሰ ይመስላል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። በልደታ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው አሮጌ ሰፈር በአብዛኛው ተጠጋግተው የተሠሩ የቀበሌ ቤቶች፣ የጋራ ግቢና የጋራ ቧንቧ የነበሩበት ሲሆን፣ ኑሮው ጠባብና አስቸጋሪ እንደ ነበር ባይካድም፣ ሕፃን ከበር ወጥቶ ጥቂት ቤቶች ሳያልፍ «አንተ፣ የት ትሄዳለህ?» የሚለው ሰው አያጣም ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ከነዋሪው ከፊሉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች፣ ከፊሉም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ፤ የተበተነ ሰፈር እድሩም ይበተናል፣ ያልተበተነውም ቢሆን አራተኛ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ የተቀመጠውን አባል በጥሩምባ ለማግኘት ይቸገራል። በአንጻሩ ከሰፈሩ የሚያወጣው መንገድ እጅግ ፈጥኗል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች የሚገጥሙት ልደታ ላይ ነው፣ አንደኛው በአብነትና በሰባተኛ በኩል ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል፤ ከሜክሲኮና ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ታክሲ ደግሞ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ወላጅ ገና የሕንፃውን ደረጃ ወለል በወለል እየፈተሸ ሳለ ልጁ በሌላ ክፍለ ከተማ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው፤ ያን ርቀት ደግሞ የሰፈር ሰው በእግሩ ሊከበው አይችልም። የልደታ ስም በዜና የሚሰማው በአብዛኛው በዚያ ባለው ፍርድ ቤት መሆኑም አንድ ነገር ይጠቁማል፤ መንግሥት በዚህ ክፍለ ከተማ ጎልቶ የሚታየው ክስ ሲመሠረትና ፍርድ ሲሰጥ፣ ማለትም ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የሚጠፉ ልጆች ሁሉ በአንድ መንገድ እንደማይጠፉ መለየት ለሚቀጥለው ሐሳብ አስፈላጊ ነው። አንዱ የተለመደ መጥፋት በሕዝብ ብዛት ውስጥ የሚሆነው ነው፤ ግንቦት 1 ቀን የልደታ ማርያም በዓል ሲከበር ወይም በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ የእናቱን ነጠላ የለቀቀ ሕፃን ሌላውን ነጠላ ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህ ዓይነቱ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው መፍትሔ አላቸው፤ የተገኘው ልጅ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ይመጣል፣ የለበሰው ልብስና የሚያውቀው ስም በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ወላጅም ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል። ዘዴው የሚሠራው ፈላጊውም ተፈላጊውም አንድ ድምፅ በሚሰማበት ክልል ውስጥ ስለሚገኙና አግኚው ልጁን ወዴት ማድረስ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ወላጆች ሲለያዩ አንደኛው ወገን ልጁን ይዞ የሚሰወርበት፣ ደላላ ከገጠር ያመጣው ልጅ በከተማ ውስጥ የሚጠፋበት፣ በቅርብ የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ ሕፃኑን ይዛ የምትሰወርበት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ «ያለ ተያዥ ሠራተኛ አትቅጠሩ» እያለ የሚያሳስበው የመጨረሻው ስለሚደጋገም ነው። ከሁሉም የከፋው ገንዘብ ለማስከፈል የሚፈጸመው እገታ ነው። በ2016 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ላይ በጎንደር ከተማ ለማስለቀቂያ ገንዘብ የታገተች የሁለት ዓመት ሕፃን መገደሏ ሲሰማ ነዋሪዎች በቁጣ አደባባይ ወጥተዋል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ልጅቷ በሕይወት በነበረችባቸው ሰዓታት የሚያይበትና የሚጠቁምበት ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ምን ሊሆን ይችል ነበር የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በዓለም ዘንድ የታወቀው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት «አምበር አለርት» የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በአርሊንግተን ከተማ፣ ብስክሌት ስትነዳ ተጠልፋ ከአራት ቀን በኋላ ሞታ ከተገኘች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ጠለፋውን ያየ ጎረቤት ለፖሊስ ቢደውልም መረጃው በጊዜው ወደ ሕዝብ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያዎችና ፖሊስ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መደበኛው ስርጭት ተቋርጦ የልጁና የተጠርጣሪው ምልክት እንዲነገር ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 በፌዴራል ሕግ ተደገፈ፣ ከ2013 ጀምሮም በቀጥታ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ይላካል። ከዚህ ሥርዓት ሊወሰድ የሚገባው ከቴክኒኩ በላይ ገደቡ ነው፤ መልእክቱ እንዲወጣ ፖሊስ ልጁ መጠለፉን በበቂ ምክንያት ማመን፣ ልጁም ከባድ አደጋ ላይ መሆን፣ ሕዝብ ሊለየው የሚችል በቂ ምልክት መኖር አለበት። ይህም ሆኖ ከትችት አላመለጠም። የወንጀል ጥናት ምሁሩ ቲሞቲ ግሪፈንና ባልደረቦቹ፣ በማስጠንቀቂያው ተገኙ የሚባሉት ልጆች በአብዛኛው በቤተሰብ አባል የተወሰዱና ለሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ላይ ያልነበሩ መሆናቸውን አመልክተው፣ ሥርዓቱን ከመከላከያነት ይልቅ ለትርኢት የቀረበ ብለውታል። ትችቱ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ምንም ሥርዓት ለሌለው ከተማ ሰበብ አይሆንም፣ ይልቁንም ማስጠንቀቂያው ለየትኛው ዓይነት መጥፋት እንደሚሆን አስቀድሞ መለየት እንደሚያስፈልግ ያስተምራል።

በኢትዮጵያ መሣሪያው የለም ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ኢትዮ ቴሌኮም የጥሪ ድምፁን በእጅ መታጠብ ማሳሰቢያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተክቶ ነበር፣ ለደንበኞቹ በጅምላ የጽሑፍ መልእክት እንደሚልክም ስልክ ያለው ሁሉ ያውቃል። «ሴል ብሮድካስት» የሚባለውና መልእክትን ከአንድ የስልክ ማማ በአካባቢው ወዳሉ ስልኮች ሁሉ፣ ቁጥራቸውን ማወቅ ሳያስፈልግ፣ የሚያሰራጨው ዘዴ ደግሞ ለልደታ ጉዳይ ድሬዳዋ ያለ ሰው እንዳይረበሽ ያደርጋል። የአዲስ አበባ ፖሊስ ነጻ የስልክ መስመር 991 አለ፤ በወረዳ ደረጃ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ መዋቅር አለ፤ የሕፃናት ጉዳይን የሚከታተሉ ክፍሎችም በከተማዋ ፖሊስ ጣቢያዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቃሉ። የሚጎድለው በሌሊት ተረኛ የሆነ አንድ መኮንን «ይህ ጉዳይ መልእክት የሚያስፈልገው ነው» ብሎ እንዲወስን ሥልጣን የሚሰጠው፣ የሚወስንበትን መስፈርት የሚያስቀምጥለት፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችንና ሬዲዮ ጣቢያዎችንም የሚያስገድድ ደንብ ነው። ይህን ለማውጣት ከውጭ የሚገዛ ነገር የለም።

በመንግሥት በኩል ደንብ ባልወጣበት ጊዜ ክፍተቱን የሚሞላው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ እዚህ ላይ ከወላጆች ይልቅ ተቋማት ሊወቀሱ ይገባል። ልጅ የጠፋበት ሰው ስልክ ቁጥሩን ለሕዝብ ሲለጥፍ «ልጁ በእጄ ነው፣ መጀመሪያ ገንዘብ ላክ» ለሚል አጭበርባሪ ይጋለጣል፤ የዚህ ሰው ሥራ ሊሰምር የሚችለው ደዋዩንና መረጃውን የሚያጣራ ሦስተኛ ወገን በመካከል ስለሌለ ነው። ከዚህ የባሰው «ሕፃናት የሚሰርቁ ሰዎች ገብተዋል» የሚለው ያልተጣራ ወሬ ነው። በ2011 ዓ.ም በአማራ ክልል ለጤና ጥናት የወጡ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገድለዋል፤ በህንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በዋትስአፕ የተሰራጨ የልጅ ሌባ ወሬ ብዙ ንጹሐን ሰዎችን ለሞት በመዳረጉ ኩባንያው አንድን መልእክት ለብዙዎች ማስተላለፍ የሚቻልበትን መጠን ለመቀነስ ተገድዷል። የቀድሞው አውጫጭኝም፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ መንደሩን በሙሉ ሰብስቦ የሚያቆየው የምርመራ ሥርዓት፣ መረጃን ከጎረቤት አፍ ማውጣት ይችል እንደ ነበር የሚካድ ባይሆንም ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር አብሮ ያስጨንቅ ነበርና በናፍቆት ሊታሰብ አይገባም። ሕዝብን ለፍለጋ የሚቀሰቅስ መልእክት ምን ማድረግ እንደማይፈቀድም አብሮ ሊናገር ይገባል፤ ያየ ሰው ይደውል፣ አይያዝ፣ አይምታ።

ስለ ጠፋው ሲወራ የተገኘው ይረሳል። በመንገድ ላይ ብቻውን የተገኘ የሦስት ዓመት ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የራሱን ስምና «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነው፤ መዝገብም ለረጅም ጊዜ የሚረዳ አልነበረም፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሩ ከወራት በፊት፣ በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ ጣቢያ ተቀብሎ ወላጅ ሲያጣለት ወደ ክበበ ፀሐይ የሕፃናት ማሳደጊያ የሚልከው ልጅ፣ በሌላ ጣቢያ እናቱ የምታለቅስለት ልጅ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው «ሚሲንግ ቻይልድ ኬንያ» የተባለው ድርጅት ከጠፉት ልጆች ጎን ለጎን የተገኙትንም ማስታወቁ በዚህ ምክንያት ብልህነት ነው፤ በአዲስ አበባም ሁሉም ጣቢያዎች የጠፉና የተገኙ ልጆችን የሚያስገቡበት አንድ የጋራ መዝገብ ከማናቸውም የስልክ መልእክት ቀድሞ ሊደራጅ የሚችልና ወጪው አነስተኛ የሆነ ሥራ ነው።

የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ማብቂያም ያስፈልገዋል። ዛሬ ከወራት በፊት የተገኙ ልጆች «ሼር በማድረግ ተባበሩ» ከሚል ልመና ጋር አሁንም በየገጹ ይዞራሉ፣ አንባቢም ለሚቀጥለው ጥሪ ዓይኑ ይደነዝዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑን ደኅንነት እንዲያስቀድም ስለሚያዝ፣ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ተቋም ልጁ በተገኘበት ቀን የመዝጊያ መልእክት የመላክ፣ ፎቶግራፉንና ስሙንም ከገጾቹ የማንሣት ግዴታ አብሮ ሊጣልበት ይገባል፤ በመልእክቱ ላይ የሚሰፍረው ስልክም የወላጅ ሳይሆን 991 ይሁን።