ጫማም የጤና በጀት ነው

ከምሥራቅ ጎጃም እስከ ወላይታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው እግር የሚያሳብጥ በሽታ አለ። በዚህ ስም ከሚጠሩት ሕመሞች አንዱን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ይህኛው ትንኝም ትልም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ ቀይ አፈር በባዶ እግር ዘልቆ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የሚያመጣው ጉዳት ነው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደያዘ ይገመታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገን ሰው ግን አይነካም። በሽታው በአንድ ወቅት በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይም ነበር፤ የጠፋው ክትባት ተገኝቶለት ሳይሆን ገበሬው ጫማ ማድረግ ስለቻለ ነው። የእኛ ገበሬ ግን አንዴ ከታመመ ጫማ የሚገዛበትን ገቢ ራሱን ያጣል፤ በወላይታ የተደረገ ጥናት ሕመምተኞች የሥራ ቀናቸውን ግማሽ ገደማ እንደሚያጡ አሳይቷል።

«በዘር የሚመጣ ነው» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር እንደሚወረስ በእርግጥ አረጋግጧል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም፤ እግሩ አፈር ካልነካ ያው ደም ያለው ወንድም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ የሕመምተኛውን ቤተሰብ ልጆች ከጋብቻ መከልከል ግፍ ነው። ሌሎች ደግሞ «ጫማ አለው፣ አያደርገውም» ይላሉ። ያለችው አንድ ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ብትቀመጥ ምን ይገርማል? በክረምት ጭቃ በሬ እየነዱ የሚያርሱበት ጫማ ማን አቀረበለት? የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋል፤ በእርዳታ የመጣው ጫማ ግን አንዴ ታድሎ ያበቃል። እግርን በየቀኑ መታጠብም ውኃ ይፈልጋል፤ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የመጣ እንስራ ደግሞ መጀመሪያ ለመጠጥና ለወጥ ነው።

ሕክምናውስ? በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ፣ ሕመምተኛውን በትኩሳት የሚያስተኛውን ማገርሸት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ከሱቅና ከቦኖ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ቀይ አፈር ያለባቸው ወረዳዎች የጤና ዕቅዳቸውን ከውኃና ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ቁጭ ብለው ያውጡ። የቦኖ ግንባታውን፣ የተማሪዎችን ጫማና ለእርሻ የሚሆን ቦት ጫማ በጤና በጀታቸው ያስገቡ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለምክሯ ማስፈጸሚያ የሚሆን ሳሙናና ፋሻ በእጇ ይኑራት።