በአጥንት ላይ በሐሰት አንመስክር

ወገኖቼ፣ ባለፈው ወር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ባለ አንድ አዳራሽ ስናመልክ አንድ አገልጋይ ከመድረክ፣ «በየብስ የሚሮጥ አዞ ነበር የሚሉት ሳይንቲስቶች በፕላስተር የሠሩት ማታለያ ነው» አሉ። አዳራሹ «አሜን!» አለ። ከፊቴ የተቀመጠች የጂኦሎጂ ተማሪ ግን አንገቷን ደፋች።

አሜን ያልነው ለምኑ ነው?

ዛሬ በምድር ላይ ያሉት የአዞ ዓይነቶች ሠላሳ አይሞሉም፤ ሁሉም በጫሞ «የአዞ ገበያ» እንደምናያቸው ከውኃ የማይርቁ ናቸው። ድሮ ግን ዘመዶቻቸው ብዙ መልክ ነበራቸው። ከቦሌ ሦስት ሰዓት ያህል ብንበር በምንደርስባት በታንዛንያ፣ በሩክዋ ሸለቆ የተገኘውና በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፓካሱከስ ድመት የሚያክል ነበር። ስሙም ከስዋሂሊ ነው፤ «ፓካ» ድመት ማለት ነው። እግሩ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ ደግሞ እንደ ዛሬ አዞ አንድ ዓይነት ሳይሆን ከፊት የሚወጋ፣ ከኋላ የሚያኝክ። የማዳጋስካሩ ሲሞሱከስ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ጥርሱ ለቅጠል የተመቸ ነው። የኒጀሩ ካፕሮሱከስ እንደ ከርከሮ ክራንቻ አለው። (ይህን ሁሉ በፕላስተር የፈጠረ ሰው ካለ፣ እኔ ላደንቀው ዝግጁ ነኝ።)

«ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ማለታቸውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ስለ ዘመኑ እንነጋገር። አውግስጢኖስ እንኳ ገና ድሮ የዘፍጥረት 1 ቀናት እንደኛ ቀን ናቸው ብሎ አልደመደመም። በዘመን ቁጥር መከራከር አንድ ነገር ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ አጥንት የለም ማለት ግን ዘጸአት 20፥16ን መተላለፍ ነው። ለእግዚአብሔር ክብር ብለን ስንዋሽም ውሸት ነው።

ኢዮብ በመከራው ሲጮኽ ጌታ የመለሰለት በምን ነበር? በሰጎን፣ በሜዳ አህያ፣ በኋላም ብዙ ተርጓሚዎች አዞ ነው በሚሉት በሌዋታን። ሰው የማይገዛቸውን፣ ለሰው የማይጠቅሙትን ፍጥረታት እየቆጠረ ነው የመለሰለት። እኛ ታዲያ ማንም ሰው ሳያያቸው ያለፉት የእጁ ሥራዎች ለምን ያስፈሩናል?

ያቺ እህት ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ደወልኩላት። «በዓይኔ ስላየሁት አጥንት ከዋሹኝ፣ ስላላየሁት ትንሣኤ እንዴት ልመናቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? አገልጋያችን ይህን ካነበቡ፣ በመድረክ የተናገሩትን በመድረክ ያርሙት፤ እሷንም ደውለው ይጥሯት።