ፍሪሲዮንና ቀይ እስክሪብቶ

ይህን የምጽፍላችሁ ከጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ ካለኝ ጥቁር ቅባት ጋር እየታገልሁ ነው። በሳሙናም በሎሚም ፈተግሁት፤ አልለቀቀኝም። ሰኞ ጧት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እጄን አይተው ተጠቃቀሱ። በእጄ መጥቆር እንኳ አላፈርሁም። ያፈርሁበት ነገር ሌላ ነው፤ እርሱንም ስደርስበት አጫውታችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አንዲት አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል አለቻቸው። ስሟ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ነው። ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ከፊት ሁለት ሰው በደህና፣ ከኋላ ሁለት ሕፃን በግድ የምታስቀምጥ ናት። ይህች ዓይነት አውቶሞቢል ለሕዝብ የታየችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ ትርዒት ላይ ነበር። መልኳን ያወጣላት ፒኒንፋሪና የተባለው ዝነኛ ቤት ሲሆን፣ ሞተሯን ያሰናዳላት ደግሞ ቀደም ሲል የፌራሪን ሞተሮች ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። እስከ 1985 ድረስ ስትሠራ ቆይታ ቆመች። የአጎቴ ግን አልቆመችም፤ ወይም እስካለፈው ወር ድረስ አልቆመችም ነበር።

ካለፈው ወር ጀምሮ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ እንግዳ ጠባይ አመጣች። ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማዋ ግን አይፈጥንም። ከሥሯም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አጎቴ ወረዱና በባርኔጣቸው እያራገቡ፣ «ልክ እንደ እኔ ሆናለች፤ ድምፅ አላት፣ ጉልበት የላትም» አሉ።

ከአንባቢዎቼ መካከል መኪና የሚነዳ ካለ በሽታውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮኗ አልቋል። ለማይነዳው ደግሞ ላስረዳ። ሁለት መዳፎቻችሁን አጋጥሙና አንደኛውን አዙሩ። አጥብቃችሁ ከያዛችሁ አንደኛው ሌላውን ይዞት ይዞራል፤ ካላላችሁት ግን ተንሸራትቶ ብቻውን ይዞራል። ፍሪሲዮንም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ። ከካምቢዮው ጋር የሚዞር፣ በሁለት ፊቱ ሸራ የተለበጠ፣ ስፋቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ክብ ዲስክ አለ። ከበስተኋላው ደግሞ በጠንካራ ሞላ ኃይል ዲስኩን ከቮላኖው ጋር የሚያጣብቅ ተጫኝ ሳህን አለ። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ስታሳርፉ ሳህኑ ይለቅቃል፣ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ፣ ማርሽ ትለውጣላችሁ። እግራችሁን ስታነሡ እንደገና ይጣበቃሉ። ሸራው በብዙ ዓመት ሲሳሳ፣ ወይም ከሞተሩ የኋላ ጎማ የሚያፈስ ዘይት ሲነካው መያዙን ትቶ ይንሸራተታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ጋራዥ ጠየቅን። የነገሩን ዋጋ ከእኔ የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ የአጎቴን ጡረታማ አታንሡብኝ። ደመወዛችሁን በ30ኛው ቀን ተቀብላችሁ በ10ኛው ቀን የምትሰናበቱት የመሥሪያ ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ሳልተነትንላችሁ ታውቁታላችሁ። በሚላኖ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሸራውን፣ ሳህኑንና ኩሽኔታውን በሻንጣዋ ይዛልን መጥታ ነበርና፣ የቀረው የሠራተኛ ዋጋ ብቻ ነው። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ እኔና እርስዎ በግቢያችን እንለውጠዋለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርሁት ለምኑ ነው?» አልኋቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው።

ሥራው እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ነፍስ ናት። ክሪክ መኪናን ለማንሣት እንጂ አንሥቶ ለማቆየት የተሠራ አይደለም። ክሪክ ብቻ ተማምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት አደራ ሰጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ መሬቱ ጠንካራና ደልዳላ መሆኑን አይተን፣ አራት የብረት ድጋፎች ተከራይተን፣ መኪናዋን በእነርሱ ላይ አሳረፍናት። ከሥሯ ከመግባታችንም በፊት ሁለታችን ሆነን ገፋ ገፋ አድርገን ፈተንናት።

ከዚያ የባትሪውን ሽቦ ፈታን። የማርሹን ዘንግ ከውስጥ አወጣን። ከሥር ገብተን የማርሚታውን ቱቦ፣ ሞተሪኖውን፣ የፍሪሲዮኑን ገመድና የፍጥነት መቁጠሪያውን ገመድ አላቀቅን። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ረጅም ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በአንድ ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ ነው። ይህን ጎማ ከመፍታት በፊት ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተለጥጦ ኋላ ለመመለስ ያስቸግራል። ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል፣ ከሥሩ በእንጨት ደግፈን ያዝነው። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች የላይኞቹ ከዓይንም ከእጅም የተሰወሩ ናቸው። አንዱን ዳዶ ለመፍታት ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ አጎቴም በዚያች ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚያውቁትን ጣሊያንኛ ሁሉ ጨረሱ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። አሮጌውን ፍሪሲዮን ስታወጡ በውስጡ የተጠራቀመ ጥቁር ብናኝ ታገኛላችሁ። በአፋችሁም በአየርም እፍ እንዳትሉት። በድሮ ጊዜ ሸራ ይሠራ የነበረው አስቤስቶስ ከሚባል ማዕድን ጋር ተደባልቆ ነው፤ የእርሱ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ነው።

እስከዚህ ድረስ ቅዳሜ ዋልን። ችግሩ የመጣው እሑድ ነው። አዲሱን ዲስክና ሳህን አሰርን፤ ካምቢዮውን ተሸክመን ወደ ቦታው ገፋነው። አልገባም። አዙረን ገፋነው፤ አልገባም። ጎረቤት ጠርተን ለሦስት ገፋነው፤ የሁለት ጣት ክፍተት ቀረው፣ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ። አጎቴ፣ «ቡሎኑን አስገብተን ብናጠብቀው ራሱ ይስበዋል» አሉ። እኔም ድካሙ ስለ በረታብኝ ልስማማ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

በዚህ መካከል የጎረቤታችን ሴት ከበስተኋላ ቤቷ ተከራይቶ የሚኖር የጋራዥ ረዳት ጠርታ አመጣች። ልጁን እንዳየሁት አወቅሁት። ከሁለት ዓመት በፊት 10ኛ ክፍል አስተምሬው፣ ትምህርቱን አቋርጦ የሄደ ተማሪዬ ነው። አጎንብሶ ሰላም አለኝና ከሥር ገብቶ አየ።

«ቲቸር፣ ቡሎኑን እንዳያጠብቁት። የዲስኩ መሐል ይጣመማል ወይም የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል» አለኝ። «ዲስኩ መሐል ላይ አልዋለም።»

«በዓይኔ ለክቼ አስተካክዬው ነበር» አልሁት።

«ዓይን ለዚህ አይበቃም። ከዕቃው ጋር ጥቁር የፕላስቲክ ዘንግ አልመጣም ነበር?»

መጥቶ ነበር። እኔ ግን የዕቃው ማሸጊያ መስሎኝ ለጎረቤታችን ትንሽ ልጅ መጫወቻ ሰጥቻት፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ማይክሮፎን ይዛ ስትዘፍንበት ሰንብታለች። በሁለት ከረሜላ ለውጠን ተቀበልናት። ልጁ የሳህኑን ስድስት ቡሎኖች አላላ፣ ዘንጉን በዲስኩ መሐል አሳልፎ በቮላኖው መሐል ካለው ቀዳዳ ከተተው፣ ከዚያም ቡሎኖቹን ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገረ ጥቂት በጥቂት ያጠብቅ ጀመር።

የመምህር አመል አይለቅምና፣ «ለምን በተራ አታጠብቃቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንዱን ወገን ብቻ ካጠበቅሁ ሳህኑ ይጣመማል። የተጣመመ ሳህን ዲስኩን እኩል አይጫነውም። እኩል ካልተጫነው ደግሞ ሰበቃው አንድ ወገን ብቻ ይሆንና ይንሸራተታል» አለኝ። ይህን ብሎ ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ይህን እኮ ለእርስዎ በፈተና ላይ ጽፌልዎ ነበር። ኤክስ አደረጉብኝ።»

አንባቢዎቼ፣ ያፈርሁት በዚህ ጊዜ ነው። ፈተናው ትዝ አለኝ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ሰበቃ ለሰው ጥቅም የሚሰጥበትን አንድ መሣሪያ ጥቀሱ የሚል ነበር። ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፤ «ፍሪሲዮን» ብሎ። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሰበቃ ማለት «ፍሪክሽን» ነውና፣ የጥያቄውን ቃል መልሶ ገልብጦ፣ እርሱንም አሳስቶ የጻፈ መሰለኝ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁበትና በአጠገቡ «ጥያቄውን በደንብ አንብብ» ብዬ ጻፍሁበት። በደንብ ያላነበብሁት እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት እየወጣ በጋራዥ ሲሠራ ያመሽ እንደ ነበረ አሁን ነገረኝ። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሰበቃን በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሳይሆን አልቀረም።

ቃሉንም ቤት ገብቼ አሰብሁበት። የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ ሁሉ ከዚያው ናቸው። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በወረሩበት ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከከፈቱት ጋር ለሠሩት ወገኖቻችን የቀረ ቋንቋ ነው። ጣሊያኖች ደግሞ መተሻሸትንም፣ ይህንንም መሣሪያ በአንድ ቃል «ፍሪሲዮኔ» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛውም ቃል የወጣው መፈተግ ከሚል ከዚያው ከላቲን ሥር ነው። እንግዲህ የጋራዡ ልጅና የመማሪያ መጽሐፉ አንድ ቃል ሲናገሩ ኖረዋል። የማይግባቡት እኛ በመካከላቸው ቆመን አንደኛውን በቀይ ስለ ሰረዝንበት ነው።

ከእናንተ መካከል፣ «ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2024 ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰበቃ አይቀርም። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም ፍሬን አለው፣ ጎማ አለው፣ ኩሽኔታ አለው። ከዚህም በላይ፣ መሣሪያው ምንም ቢለወጥ፣ በወረቀት የሚያውቅና በእጁ የሚያውቅ ሰው እርስ በርስ ካልተሰማሙ አዲሱም እንደ አሮጌው ቆሞ ይቀራል።

በዚያች ፈተና የነፈግሁት ነጥብ ብቻ ከትምህርት አስወጣው ብዬ ራሴን አልከስስም። የቤቱ ችግር ከእኔ ቀይ መስመር የከበደ ነበር። ይሁንና አንድ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ይዞ መጥቶ «አታውቅም» ተብሎ ከተመለሰ፣ ሁለተኛ ይዞ መምጣቱ ያጠራጥራል። ለዚህም ነው ባለፈው ሰኞ ያን ያረጀ ዲስክ በጋዜጣ ጠቅልዬ ክፍል ይዤ የገባሁት። ተማሪዎቼ እየተቀባበሉ ዳሰሱት። አንዲት ተማሪ፣ «ፍሪሲዮን ማለት ይህ ነው?» አለች። አዎን አልኋት፤ በሰሌዳውም ላይ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጻፍሁላቸው። ልጁንም ወደ ማታው ትምህርት እንዲመለስ ነገርሁት። «አስብበታለሁ፣ ቲቸር» ብሎኛል፤ እኔም የምዝገባውን ቀን ጠይቄ አሳውቀዋለሁ።

ለእናንተም ምክሬ ሁላችሁም ከመኪና ሥር ግቡ አይደለም። ደልዳላ መሬት፣ የብረት ድጋፍና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ አትግቡ። ያንን ሰው ስታገኙት ግን መጀመሪያ አድምጡት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነውና።

ካምቢዮው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ልጁ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ የኋላውን ጫፍ በእጁ ጥቂት ሲያዞረው፣ ሦስት ሰው ገፍቶ ያቃተው ነገር በለሆሳስ ገባ። አመሻሽ ላይ አጎቴ መሪውን ያዙ፣ ልጁ በጎናቸው ተቀመጠ፣ እኔ ለሕፃን በተሠራው የኋላ ወንበር ተጣጥፌ ተሳፈርሁ። አዲስ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነዱት ረጋ ማለት ይፈልጋልና ቀስ ብለን ወጣን። እንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሯ አልጮኸችም፤ ወጣች።

እስከ ሳምንት ደኅና ሁኑልኝ።