ያለ ቀኑ ስለሚመጣ ደም

ይህ ርእስ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አንዳንድ ወንድሞች እንደሚያፍሩ ዐውቃለሁ። ጥቂት ቢያፍሩ ግድ የለም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከጉንደ ወይን የመጣን ተማሪዎች ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ስንከራከር እናመሻለን፤ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ጤና ግን አይነሣም።

በትምህርት ቤት በጥቍር ሰሌዳ የተሣለልን የ28 ቀን ክብ ነበር። እንቁላል ከወጣ በ14 ቀን ገደማ ደም ይመጣል፤ ጃፓናዊው ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ክናውስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስረዱት ይህንኑ ነው። እንቁላሉ ሳይወጣ ሲቀርስ? ይህን ማንም አልሣለልንም። እንቁላል የወጣበት ስፍራ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይኸውም የማኅፀኑን ሽፋን አጽንቶ ይይዛል፤ ሲጐድል ሽፋኑ ባንድነት ይወርዳል። እንቁላል ካልወጣ ግን ሽፋኑ በኤስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ሄዶ፥ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ እየተላጠ ያለ ወቅቱ ይደማል። የወር አበባ ገና የጀመራት ልጅና ሊቋረጥባት የተቃረበች ሴት ቀናቸው የሚዛባው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በጉንደ ወይን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሦስት ወሩ መርፌ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መርፌው እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ደርሷል። መድኃኒቱ እንቁላሉን እንዳይወጣ ያግዳል፤ ሽፋኑንም ያሳሳዋል። የሳሳው ሽፋን በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ቀኑ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ከተጠቃሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ደሙ ጨርሶ ይቀራል።

ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ምን ታድርግ? ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደጅ ቆማ ታስቀድሳለች፤ በፋሲካም ከቍርባን ትቀራለች። «ምንም አይደል፥ ይለመዳል» ቢሏት እንዴት ትመን? ለእርስዋ ብዙ ነገር ነው። ደሙ ሲቀርባትም በሆዴ ተጠራቀመ ብላ ትሠጋለች፤ ባልዋም ይጠረጥራል። መርፌውን ትታ ስታረግዝ «መቼ ምክር ትሰማለች» ትባላለች። መካሪው ምን ብሎ እንደ መከራት የሚጠይቅ የለም።

በሕክምና ትምህርት ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ፥ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ይህ ነገር በራስዋ ቋንቋ ይነገራት፤ ብትፈቅድ ባልዋም ይስማ። እንቁላል የማያግድ፥ መዳብ ያለበት ሉፕ እንዳለም ትወቅ፤ በእርሱ ደሙ ሊበዛ ቢችልም በየወሩ ይመጣል። መምረጥ የእርስዋ ፋንታ ነው።

ይህን ስል ደም ሁሉ በመርፌ ይላከክ ማለቴ አይደለም። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዓመት ያለፋት ሴት ደም ካየች፥ ወይም አንዲት ሴት ከግንኙነት በኋላ ከደማች፥ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ፤ መርፌ የምትወጋ ብትሆንም።