የራሳችንን ማኅበራዊ ሚዲያ ብንተክልስ? ከባዱ መጫኑ አይደለም

አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ገጻችን የለም። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የምናናግረው ሰው የለ። አቤቱታ ሞልተን ዘጠኝ ቀን ጠበቅን፤ ከዛ እንደጠፋው ዝም ብሎ ተመለሰ። ያኔ ነው የገባን፦ ቤቱ የኪራይ ነው፣ አከራዩ ደግሞ ስልክ አያነሳም።

"ታዲያ ለምን የራሳችሁን አትከፍቱም?" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። እሺ፣ በቁም ነገር እንየው።

ማስተዶን የሚባል ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮችኮ ጀርመን ውስጥ የጀመረው ሲሆን ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው። ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው ይልክ የለ? እዚህም በአንዱ ሰርቨር ያለ ሰው በሌላው ሰርቨር ያለውን ይከተላል። የሚያግባባቸው አክቲቪቲፐብ የሚባል የጋራ ደንብ ነው።

መጫኑስ? የኪራይ ሰርቨር፣ የራስ ዶሜይን እና ኢሜይል መላኪያ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ሊኑክስ፣ በላዩ ፖስትግሬስ፣ ሬዲስ፣ ሩቢና ኖድ፣ ከፊት ኤንጂንኤክስ። ተርሚናል የለመደ ልጅ መመሪያውን እየተከተለ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሲጫን የመረጣችሁትን ዶሜይን በኋላ ልቀይር ብትሉ አይሆንም።

ጣጣው ከዛ በኋላ ነው። ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጣው ፎቶና ቪዲዮ ካልተጸዳ ዲስኩን ይሞላዋል። ባክአፕ አለ፣ አፕዴት አለ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ሰው ነው። ማስተዶን ዶት ሎል የሚባለው ሰርቨር ወደ 12 ሺህ ተጠቃሚ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባለቤቱ በጭቅጭቁና በስድቡ ተሰላችቶ እንደሚዘጋው አስታወቀ። ማስተዶን ላይ ተከታዮችን ይዞ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር ይቻላል፣ የድሮ ፖስቶች ግን አብረው አይሄዱም።

ወደ አገራችን ስንመጣስ? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ሁላችንም ቪፒኤን ተማርን። እንዲህ ዓይነቱ ገደብ ትልልቆቹን በስም ለይቶ ስለሚመታ ትንሽ ሰርቨር ሊያልፈው ይችላል። ዳታ ጭራሽ ሲጠፋ ግን የራሳችሁም ሰርቨር አያድናችሁም፤ ትግራይም አማራ ክልልም ያለፉበት ነው።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የጥላቻ ንግግር ወይም ሐሰተኛ መረጃ ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይጠይቃል። ዛሬ ይሄ የትልልቅ ካምፓኒዎች ራስ ምታት ነው። ሰርቨሩን ስትተክሉ ጥያቄው ወደ እናንተ በር ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ የኛ አቋም ይሄ ነው፦ አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻውን የሚተክለው ሰርቨር ከአንዱ አከራይ ወደ ሌላ አከራይ መዛወር ነው። ልጁ ቢታመም፣ ቢሰደድ ወይም ቢሰለቸው ሁሉም አብሮ ያበቃል። ይሄ ነገር እንደ እድር ካልሆነ አይዘልቅም፦ መዋጮ፣ የተጻፈ ደንብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቁልፉን የሚይዙ ቢያንስ ሦስት ሰዎች።

እኛ አሁን ከዚህ ገጽ አንወጣም። ግን ኮዱን ከመጫናችን በፊት ሰዎቹን መፈለግ ጀምረናል። ቁልፍ ለመያዝ ማን ዝግጁ ነው?