በገዛ ቤት ስለሚቆም የኢሜይል ሰርቨር

የነጋዴ ደብዳቤ እንደ ገንዘብ የሚቈጠር ነው። ዋጋ የሚጠየቀው፣ ፕሮፎርማ የሚላከውና የመርከብ ሰነድ መድረሱ የሚነገረው ዛሬ በኢሜይል ስለሆነ፣ ይህን መንገድ በገዛ እጅ ለመያዝ መመኘት የሚያስነቅፍ አይደለም። አሠሪዬም ይህንኑ በማሰብ፣ የኪራዩን ወጪ ለማስቀረትና የንግዱን ምስጢር በቤት ለመጠበቅ ሲሉ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በጽሕፈት ቤታችን ጥግ አስቀምጠው ከራውተሩ ጀርባ የኢሜይል ሰርቨር አቋቋሙ።

መቀበሉ አላስቸገረንም። ራውተር እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ የሚመጣውን ግን ለማን እንደሆነ ካልተነገረው ይመልሳል። ስለዚህ በፖርት 25 የሚመጣው ሁሉ ወደ ሰርቨሩ እንዲመራ ተደረገ። መብራት ቢጠፋም እንኳ የላኪው ሰርቨር ወዲያው ተስፋ አይቈርጥም፤ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ደጋግሞ እንዲሞክር የኢሜይል ደንብ ይመክራል።

ጉዳቱ የደረሰብን በመላኩ በኩል ነው። ለአንድ የውጭ አገር ገዢ የላክነው የዋጋ ማቅረቢያ ስፓም በሚባለው ክፍል ተጥሎ ቀረ። ደብዳቤው ስላልተመለሰልን ደርሷል ብለን ዝም አልን፤ ዋጋው የሚጸናበት 15 ቀን አለፈ፤ ገዢውም ከሌላ ገዛ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለቤትና ለሱቅ የሚሰጠው የአይፒ አድራሻ ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ ነው፤ በቫይረስ የተያዙ ኮምፒዩተሮች ከእንዲህ ያለ አድራሻ ብዙ አላስፈላጊ መልእክት ስለሚልኩ ተቀባዮች አያምኑትም። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም በፖርት 25 መላክን ይዘጋሉ። አድራሻው የማን ስም እንደሆነ የሚመሰክረውን መዝገብ የሚያስተካክለው አቅራቢው እንጂ ነጋዴው አይደለም። ከዚህም በላይ ጉግልና ያሁ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደንባቸውን አጥብቀዋል፤ ላኪው ኤስፒኤፍ የሚባለውን የተፈቀዱ ሰርቨሮች ዝርዝር፣ ወይም ዲኪም የሚባለውን የደብዳቤ ማኅተም እንዲያሟላ ያዛሉ። ብዙ ለሚልክ ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው ሰርቨሩ ይጣል አይደለም። ዕቃችንን ከጉምሩክ የምናስወጣው በትራንዚተር እጅ እንደሆነ ሁሉ፣ የሚወጣውን ደብዳቤ ደግሞ አድራሻው ለታመነ የኢሜይል አስተላላፊ ድርጅት በኪራይ እንስጥ፤ የሚመጣው በቤታችን ይቀመጥ። እኛ አሁን የምንሠራው እንዲሁ ነው፤ ኤስፒኤፉና ዲኪሙም በአስተላላፊው ልክ ተስተካክለዋል። ነገር ግን የኢሜይሉ ዶሜይን በነጋዴው ስም የተመዘገበ ይሁን፤ አስተላላፊ ቢለወጥ ደምበኛ የሚያውቀው አድራሻ አይለወጥምና። ትልቅ የዋጋ ማቅረቢያ በተላከ ጊዜም በማግሥቱ ስልክ ደውሎ መድረሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። የስልኩ ሒሳብ ከጠፋብን ሽያጭ ጋር አይወዳደርም።